የታካሚው ካርድ ከግቢ አይወጣም፤ ፎቶውስ?

ለሲዳማ ክልል ጤና ቢሮ
በሐዋሳ ከተማ ለሚገኙ የማስተማሪያ ሆስፒታሎችና የጤና ሳይንስ ኮሌጆች ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ለትምህርት ተብለው ስለሚነሡ የታካሚ ፎቶዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ነርስ ነኝ፤ ተማሪዎችን ይዤ ከዋርድ ዋርድ የምዞር የተግባር ትምህርት አስተማሪም ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አንድ ተቋም ለይቼ ለመክሰስ አይደለም። የማነሣው ጉዳይ በሠራሁባቸው ማስተማሪያ ዋርዶች ሁሉ ያየሁት፣ ከመለመዱ የተነሣ ማንም ነውር የማይለው ነገር ነው።

የታካሚ ካርድ ከካርድ ክፍል ሲወጣ ይመዘገባል። ዋርድ ሲደርስ የሚረከበው ሰው አለ፤ ታካሚው ድኖ ሲሰናበት ተመልሶ መደርደሪያው ላይ ይቀመጣል። አንድ ተማሪ ካርዱን በቦርሳው ይዞ ቤቱ ቢሄድ በዲሲፕሊን ይጠየቃል። ያው ተማሪ የዚያኑ ታካሚ ቁስል በስልኩ አንሥቶ፣ ፎቶውን በኪሱ ይዞ በዋናው በር ሲወጣ ግን የሚያስቆመው የለም። ካርዱ ላይ በእጅ ጽሑፍ የሰፈረው «በግራ ጡት ላይ የፈነዳ ቁስል» የሚል መስመር ጥብቅ ምስጢር ነው። ገላው ራሱ፣ ቁስሉ ራሱ የታየበት ፎቶ ግን ጠባቂ የለውም። የምጠይቃችሁ ይህ እንዲቀየር ነው፤ ፎቶው እንደ ካርዱ ይጠበቅ።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ በእንዲህ ያለ ዋርድ ተምራችሁ ያለፋችሁ ናችሁ። ጠዋት ራውንድ ላይ፣ ማለትም ታካሚዎች አልጋ በአልጋ በሚጎበኙበት ሰዓት፣ ሲኒየሩ (ዋናው ሐኪም)፣ ሬዚደንቱ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም)፣ ኢንተርኖቹ (የመጨረሻ ዓመት የተግባር ተማሪዎች)፣ የሕክምናና የነርሲንግ ተማሪዎቹ አንድ አልጋ ይከባሉ። ታካሚዋ ከሀገረ ሰላም ወይም ከበንሳ የመጡ እናት ናቸው እንበል። ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ለእርሳቸው ዶክተር ነው፤ ገና ዋርድ የገባውን ተማሪም ቀዶ ሐኪሙንም በአንድ ስም ይጠራሉ። ብርድ ልብሱ ይገለጣል፤ ስለ ሕመማቸው እርሳቸው በማይሰሙት ቋንቋ ይወራል። በመካከል ከተማሪዎቹ አንዱ «እናቴ፣ አንድ ፎቶ» ይልና መልስ ሳይጠብቅ ያነሣል። ሌሎቹም እርሱን አይተው ስልካቸውን ያወጣሉ። እናቲቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፤ ወይም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ ያደርጋሉ። ይህ እምቢታ ነው። የእኛ አገር ሰው፣ ይልቁንም ከገጠር የመጣች እናት፣ አልጋ ላይ ተኝታ ሳለ እምቢ የምትለው እንዲህ አድርጋ ነው። ከአፋቸው ቃል ስላልወጣ ግን ፈቅደዋል እንላለን።

ቢጠየቁስ ምን ይሉ ነበር? አንድ ጊዜ ከራውንድ በኋላ ተመልሼ «ፎቶ ሲያነሡዎት ቅር አላለዎትም ወይ?» ብዬ አንድ አባት ጠይቄ ነበር። «መርፌውን የሚወጋኝ እሱ፣ መድኃኒቱን የሚያዝልኝ እሱ፤ ምን ብዬ እከለክለዋለሁ?» አሉኝ። እኚህ ሰው ፎቶው ለምን እንደተፈለገ አልተነገራቸውም፤ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው አያውቁም። የሚያውቁት ቢከለክሉ ሊያጡት የሚችሉትን ብቻ ነው። መዳኑ በጠያቂው እጅ ያለበት ሰው የሚሰጠውን እሺታ እንደ ፈቃድ መቁጠር አልችልም፤ እናንተም ልትቆጥሩት አይገባም እላለሁ።

ስሙን በማልጠቅሰው፣ ከዚህ ከተማ ውጭ በሠራሁበት አንድ ተቋም የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት የጡት ካንሰር ታማሚ ነበሩ። ብዙዎቹ እናቶቻችን እንደሚያደርጉት ዘግይተው፣ ቁስሉ ከፈነዳ በኋላ ነበር የመጡት። ለተማሪ «ጥሩ ኬዝ» ነበሩና ፎቶ ተነሡ። ያነሣቸው ሰው ክፉ አልነበረም፤ ዓይናቸው ላይ ጥቁር መስመር አድርጎ፣ ስማቸውን ሳይጽፍ፣ ለፈተና መዘጋጃ በተከፈተ የቴሌግራም ቡድን ላይ ለጠፈው። ከወራት በኋላ ከእናቲቱ ቀበሌ የወጣ፣ በሌላ ከተማ የጤና ትምህርት የሚማር ልጅ ፎቶውን አየ። ያወቃቸው በብርድ ልብሱ ነው። አስታማሚ ብርድ ልብስ ከቤት ይዞ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ፤ ያን ብርድ ልብስ ደግሞ ልጁ በሰፈሩ ለቅሶ ቤት ሲነጠፍ እያየው ነው ያደገው። ከአጠገቡ አንድ ጣቱ የጎደለ እጅ ነበረ፤ ይህም የሚታወቅ እጅ ነው። ልጁ ለእናቱ ነገረ፣ እናቱ ለጎረቤት። የኪሞቴራፒ ቀጠሮ የነበራቸው እናት ከዚያ ወዲህ አልመጡም። በኋላ ልጃቸው ለሌላ ጉዳይ መጥታ ሳገኛት ምክንያቱን ነገረችኝ፦ «አገር ያየውን ገላ ይዤ ከማን ፊት እቀርባለሁ ብላ ቀረች።»

መዝገቡ ላይ የተጻፈው «ከክትትል የጠፋች» የሚል ነው። ለምን እንደጠፉ የሚጠይቅ ዓምድ ቅጹ ላይ የለም። እኔ ይህን ጉዳይ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አድርጌ የማላየው ለዚህ ነው። ሴቶች ጡታቸውን ቶሎ ይታዩ ዘንድ በየመንደሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እየዞሩ ይለምናሉ። አንድ ፎቶ ያን ሁሉ ልመና በአንድ ሰፈር ውስጥ ከንቱ ሊያደርገው ይችላል።

ዓይን ላይ የሚደረገው ጥቁር መስመርም ማንንም አይሰውርም። ዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ኮሚቴ ዓይንን መሸፈን ማንነትን ለመደበቅ በቂ እንዳልሆነ በመመሪያው አስፍሯል። ሰው በንቅሳቱ፣ በማተቡ፣ በጠባሳው፣ ከጎኑ በቆመው አስታማሚ፣ ከራስጌው በተንጠለጠለው ቁጥር ይታወቃል። በዓይን የማይታየው ደግሞ ይብሳል። ስልክ ፎቶ ሲያነሣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ማስተካከያው ከተከፈተም ቦታውን በፋይሉ ውስጥ ይጽፋል፤ ፎቶው በቴሌግራም እንደ ፋይል ከተላከ ይህ መረጃ አብሮት ሊሄድ ይችላል። የተቀባዩ ስልክ በራሱ ጊዜ ሊያወርደው፣ ወደ ኢንተርኔት ማከማቻም ሊገለብጠው ይችላል። አንድ የቴሌግራም ቡድን እስከ 200,000 አባላት ሊይዝ ይችላል። ስልኩ ሲበላሽ ለጠጋኝ ይሰጣል፤ ሲያረጅ ይሸጣል፤ መናኸሪያ ግርግር ውስጥም ይሰረቃል። «ለክፍል ጓደኞቼ ብቻ ነው የላክሁት» የሚለው ተማሪ አይዋሽም፤ ግን ከላከ በኋላ በፎቶው ላይ ምንም ሥልጣን የለውም።

ይህን ስል ፎቶ ከትምህርት ይውጣ ማለቴ አይደለም። የእኛ ተማሪ ከሌላው ይበልጥ ፎቶ ያስፈልገዋል ባይ ነኝ። የምናስተምርባቸው የቆዳ በሽታ መጻሕፍት በአብዛኛው የነጭ ሰው ገላ የሚያሳዩ ናቸው። መጽሐፉ «ቀይ ሽፍታ» ይላል፤ ያ መቅላት በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ አንዳንዴም ከማየት ይልቅ በመዳሰስ ይታወቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ለንደን ውስጥ አንድ የሕክምና ተማሪ ከመምህራኑ ጋር ሆኖ በሽታዎች በጥቁር ቆዳ ላይ ምን እንደሚመስሉ የሚያሳይ የእጅ መጽሐፍ ያዘጋጀው ይኸው ጉድለት እዚያም ስለተሰማ ነው። የእኛ ተማሪ የሚያክመው ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ቆዳ ያለው ሆኖ ሳለ የሚያጠናበት ምስል ከሩቅ አገር መምጣቱ ያሳዝነኛል።

የሲዳማና የወላይታ ደጋ ገበሬ በባዶ እግሩ ቀይ አፈር እየረገጠ የሚይዘውን የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስን አስቡ። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፤ በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ ግን የተለየ ነው። ከእሳተ ገሞራ የመጣ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በእግር ቆዳ ገብተው የሊምፍ ቧንቧዎችን ያውካሉ። እግርን በየዕለቱ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ ምን ያህል እንደሚለውጠው በወራት ልዩነት የተነሡ ሁለት ፎቶዎች ከአንድ ሰዓት ንግግር ይልቅ ያስተምራሉ። እንዲህ ያለው ፎቶ ከጉልበት በታች ብቻ፣ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ሊነሣ ይችላል፤ የሰውየው ፊትም ቤትም አያስፈልግም። ጥንቃቄው ግን እዚህም ቀላል አይደለም። በሽታው በዘር ይወርዳል ተብሎ ስለሚታመን የታወቀ እግር የታካሚውን ብቻ ሳይሆን የእኅቱንም የጋብቻ ዕድል ይነካል። ቁንጭር የተባለው የቆዳ በሽታ ደግሞ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፊት ላይ፣ አፍንጫና ጉንጭ ላይ ነው፤ ፊቱን ሸፍኖ በሽታውን ማሳየት አይቻልም። እዚህ ላይ ከታካሚው እውነተኛ ፈቃድ በቀር ምንም መከለያ የለም።

ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ሲጠቅስ ከእነርሱ መካከል የሳይንስና የትምህርት ጥቅምን ያነሣል። «ለትምህርት እኮ ነው» የሚለው ሰው ሁሉ፣ አወቀውም አላወቀውም፣ የሚደገፈው በዚህች መስመር ነው። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገር ግን ይህች መስመር ሐኪምንና ነርስን ከምስጢር ጠባቂነታቸው ታወጣለች ብዬ አላምንም። ሕጉ ሲጻፍ ፎቶ ማለት በፊልም ተነሥቶ፣ በወረቀት ታትሞ፣ በመምህሩ መሳቢያ የሚቀመጥ ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር መብት አድርጎታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 በሙያው ያወቀውን ምስጢር የሚያወጣ የጤና ባለሙያን ይቀጣል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 ባለሙያው የታካሚውን ምስጢር እንዲጠብቅና በቂ መረጃ ሰጥቶ ፈቃድ እንዲቀበል ያስገድዳል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ከፍ ያለ ጥበቃ ከሚሹት መካከል መድቦታል። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ በአንቀጽ 28 አንዲት ሐረግ ተከልሎ የእናት ገላ በቴሌግራም መበተን ይፈቀዳል የሚል ካለ በጽሑፍ ያስረዳኝ፤ አነበዋለሁ።

አንድ ነገር ለይቼ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ጭፍን ክልከላ ሰው ሊገድል ይችላልና። ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ያለ ኢንተርን የአደጋ ቁስል፣ ኤክስሬይ ወይም የልብ ምት ወረቀት በስልኩ አንሥቶ ቤቱ ላለው ሲኒየር ይልካል። ሲኒየሩ አይቶ «አሁኑኑ ወደ ቀዶ ሕክምና አስገባው» ይላል። በዚህ መንገድ የተረፉ ሰዎች አውቃለሁ። ይህ ሕክምና ነው፤ ታካሚውም ይህን የሚጠብቅ ይመስለኛል። የማልቀበለው ያ ፎቶ ጠዋት ላይ በዚያው ስልክ ውስጥ መቆየቱን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ «ትናንት የገባ ገራሚ ኬዝ» ተብሎ በሌላ ቡድን መታየቱን ነው። ለሕክምና የተነሣ ፎቶ ለሕክምናው ካበቃ በኋላ ካርዱ ውስጥ ገብቶ ከስልኩ ይጥፋ። ለትምህርት ከተፈለገ ሌላ ፈቃድ ይጠየቅበት። ሁለቱን የሚለይ አንድ ገጽ መመሪያ በየድንገተኛ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ብዙ ነገር ይስተካከላል።

እንግዲህ ከእናንተ የምፈልገውን በግልጽ ልጻፍ።

በአልጋ አጠገብ ለትምህርት ፎቶ የሚነሣው በተቋሙ መሣሪያ ብቻ ይሁን። ውድ ካሜራ አያስፈልግም። ሲም ካርድ የሌለው፣ ከኢንተርኔት ያልተገናኘ አንድ ደህና ስልክ በዋርዱ ኃላፊ ነርስ መሳቢያ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ማን፣ መቼ፣ ለየትኛው ካርድ ቁጥር እንደወሰደው በደብተር ይፈረም። ፎቶው ሲወርድ ለካርድ ክፍል ወይም ለትምህርት ክፍሉ ተጠሪ ይተላለፍ፤ ተማሪ በኮሌጁ ኮምፒውተር ክፍል ያየዋል፣ ይማርበታል፣ ይዞት ግን አይወጣም። ይህ ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ ወጪውም አንድ ተቋም አይችለውም የሚባል አይደለም።

ከባዱ ፈቃዱ ነው፤ እዚህ ላይ እንድትቆዩልኝ እለምናለሁ። ጠያቂው ታካሚውን የሚያክመው ሐኪም ወይም በዚያ ዋርድ ውጤት የሚሰጠው ተማሪ መሆን የለበትም። የሌላ ዋርድ ነርስ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ፣ ወይም ለዚህ የተመደበ ሰው ይሁን፤ መታወቂያው ደረቱ ላይ ይታይ፤ «እኔ አላክምዎትም፣ እምቢ ቢሉኝ መድኃኒትዎ አይጎድልም» ብሎ ይጀምር። ሰዓቱም ይታሰብበት። ምጥ ላይ ያለች ሴት፣ ለቀዶ ሕክምና ተዘጋጅቶ ጋሪ ላይ የተኛ ሰው፣ ሕመሙ ያልረገበለት ሕፃን እናት ስለ ፎቶ የሚጠየቁበት ሰዓት አይደለም። ቋንቋውም ይታሰብበት። ሐዋሳ ሆስፒታል የሚመጣው ሰው ሲዳሙ አፎ፣ ወላይትኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ ይናገራል፤ ቅጹ በእነዚህ ሁሉ ይዘጋጅ፤ ማንበብ ለማይችለውም ይነበብለት። አስተርጓሚ ሲያስፈልግ አጠገቡ ያለው የአልጋ ጎረቤት ወይም የጽዳት ሠራተኛ አይጠራ፤ ምስጢሩን እኛው ራሳችን ማውጣታችን ይሆናልና።

ቅጹ አንዲት «እሺ» ብቻ አይጠይቅ። ለሕክምና መዝገቡ መነሣትን መፍቀድ አንድ ነገር ነው፤ በዚሁ ተቋም ተማሪዎች እንዲያዩት መፍቀድ ሌላ ነው፤ በመጽሔት፣ በመጽሐፍ ወይም በኢንተርኔት መውጣቱ ደግሞ ከሁለቱም የራቀ ነው። አንዱን ፈቅዶ ሌላውን መከልከል ይቻል። ከተነሣ በኋላ ፎቶውን ራሱ ታካሚው ይየው። ይህን በሞከርኩባቸው ጊዜያት ሰዎች ሲያዩት ይረጋጋሉ፤ «ይቺን ጥግ አውጡልኝ፣ ልጄ ትታያለች» የሚሉም አሉ። ፊርማ ለማይችል የጣት አሻራ ከምስክር ጋር ይበቃል። ሐሳቡን ቢቀይር የሚመጣበት ቦታ ይነገረው፤ ለመጽሔት ከወጣ በኋላ ግን መመለስ እንደማይቻል አስቀድሞ በእውነት ይነገረው። ማስፈራራትም ማባበልም አይኑርበት፤ ፎቶ ስለተነሣ የአልጋ ክፍያ ይቀርልሃል ማለት ፈቃድ መግዛት ነው።

ስለ ሕፃናት የምለው አጭር ነው። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፈርማል፤ ልጁ ነገሩን ለመረዳት ከደረሰ ደግሞ እርሱም ይጠየቅ፣ እምቢ ካለ ይብቃ። ከ18 ዓመት በታች ሳለ ፎቶ የተነሣ ልጅ በኋላ አድጎ ፎቶዬ ይጥፋልኝ ቢል መብቱ ይጠበቅ። በ1977 ዓ.ም. በረሃቡ ጊዜ ከኮረም የወጣው ምስል ዓለምን አንቀሳቅሷል፤ የብዙ ሰው ሕይወትም በመጣው እርዳታ ተርፏል። ከዚያ በኋላ ግን ለዓመታት ኢትዮጵያ በተባለች ቁጥር የሚታየው ያ የሰለለ ገላ ነበር፤ ከአገሩ ወጥቶ ያልተሳቀቀበት ስንቱ ነው። ምግብ አጥቶ ሰውነቱ ያበጠ ሕፃን በማገገሚያ ክፍል ተኝቶ ሳለ ስልክ ሲወጣበት ባየሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል። ያ ልጅ ይድናል፣ ያድጋል፣ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ያን ጊዜ ፎቶው የት እንዳለ የሚነግረው ሰው መኖር አለበት።

ከውጭ አገር ለአጭር ጊዜ የሚመጡ ሐኪሞችና ተማሪዎችም ከዚህ ሥርዓት አይውጡ። የከንፈር ስንጥቅ ሊጠግኑ፣ ጠባሳ ሊያስተካክሉ የሚመጡት ብዙ በጎ ሥራ ይሠራሉ፤ ምስጋናዬም ከልብ ነው። በአገራቸው ሆስፒታል ግን እንዲህ እንደልባቸው ስልክ አያወጡም። የእንግሊዝ ጠቅላላ የሕክምና ምክር ቤት እንደ እነርሱ አቆጣጠር በ2011 ባወጣው መመሪያ ታካሚን በፎቶም ሆነ በቪዲዮ ስለመቅረጽና ስለመጠቀም ሐኪሙ መከተል ያለበትን ዘርዝሯል። ለንደን ላለ ታካሚ የሚከበረው ለአለታ ወንዶ ታካሚ የማይከበርበት ምክንያት የለም። ሐዋሳ ሲደርሱ የመጀመሪያ ቀን ላይ መመሪያው ይሰጣቸው፤ ይፈርሙ፤ ለገንዘብ ማሰባሰቢያ የሚፈልጉት ፎቶም በዚያው የፈቃድ መንገድ ይለፍ።

ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ የሚያነሡትን ጥያቄ ከወዲሁ አውቃለሁ፤ «ታዲያ በምን እንማር?» ይላሉ። ጥያቄያቸው እውነት አለው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያለው የቆዳ በሽታ ሥዕላዊ መጽሐፍ ጥቂት ነው፤ ፈተናው ግን ምስል እያሳየ ይጠይቃል። ስልካቸውን ብቻ ወስደን ባዶ እጃቸውን ብንተዋቸው በድብቅ ማንሣታቸው አይቀርም፤ ያ ደግሞ ከዛሬው ይከፋል። ስለዚህ ክልከላውና ክምችቱ በአንድ ቀን ይጀመሩ። በፈቃድ የተነሡ፣ በበሽታ ዓይነት የተደራጁ፣ ከእያንዳንዱ ጋር የቀለሙና የመዳሰሱ መግለጫ የተጻፈባቸው የእኛው ሰው ምስሎች በኮሌጆቹ መካከል ይጋሩ። እንዲህ ያለ ክምችት ሐዋሳ ላይ ቢጀመር ሌሎች የአገሪቱ የሕክምና ትምህርት ቤቶችም የሚፈልጉት ሀብት ይሆናል። ፎቶ ማንሣት ሲገባም ባይገባም እጅ ወደ ስልክ የሚሄድበት አንዱ ምክንያት ተማሪው በአልጋው አጠገብ የሚቆይበት ጊዜ ማጠሩ መሆኑንም እናስብ። ታካሚውን በደንብ ያነጋገረ፣ ቁስሉን በእጁ የጠረገ፣ ሥዕሉን በደብተሩ በእርሳስ የሣለ ተማሪ በሽታውን በፎቶ ብቻ ካየው ይልቅ ያስታውሰዋል። ይህን በተማሪዎቼ አይቻለሁ።

በየስልኩና በየመምህሩ ፍላሽ ውስጥ እስከ ዛሬ የተከማቹት ፎቶዎችም አሉ። ስለ እነርሱ ቅጣት አልጠይቅም። የተወሰነ የጊዜ ገደብ ይሰጥ፤ ለትምህርት የሚጠቅም ያለው ለትምህርት ክፍሉ ያስረክብ፤ ታካሚው ሊገኝ የሚችል ከሆነ በካርዱ አድራሻ ተፈልጎ ይጠየቅ፤ የማይገኝ ከሆነና ማንነቱ የሚታወቅ ከሆነ ፎቶው ይጥፋ። ለመምህራን ይህ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ከእነዚያ ምስሎች አንዳንዶቹ የብዙ ዓመት ድካም ናቸው። ግን ታካሚው የማያውቀው ድካም ነው።

ለመጀመር የሚከተለውን አቀርባለሁ። የፈቃዱን ቅጽ ረቂቅ በአማርኛ አዘጋጅቻለሁ፤ ሦስቱን የፈቃድ ደረጃዎች ለይቶ ይጠይቃል፣ ጮክ ተብሎ ሲነበብ እንዲሰማ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር የተጻፈ ነው። በሲዳሙ አፎ፣ በወላይትኛና በአፋን ኦሮሞ የሚያዘጋጁ፣ ቋንቋውንም ዋርዱንም የሚያውቁ ባለሙያዎችን ቢሮው እንዲመድብ እጠይቃለሁ። ሙከራው በአንድ ዋርድ፣ ቢቻል በቆዳ ሕክምና ወይም በቀዶ ሕክምና ክፍል ይጀመር። ታካሚዎችና አስታማሚዎችም በውይይቱ ይኑሩበት፤ በተለይ ከጡት ካንሰርና ከፖዶኮኒዮሲስ የተረፉ ሰዎች ከእኛ የተሻለ የሚነግሩን ነገር አላቸው። ቅጹን ለማንኛውም ጠያቂ ተቋም ያለ ክፍያ እሰጣለሁ፤ በሥልጠናውም ከሥራ ሰዓት ውጭ ለማገልገል ዝግጁ ነኝ። መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በሐዋሳ የነርሲንግ የተግባር ትምህርት አስተማሪ

ግልባጭ፦
ለተማሪዎች ተወካዮች
ለዋርድ ኃላፊ ነርሶች